በግቢያችን ስላሉ መርዛም ተክሎች

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)




ኮሚቴው «ዕድሜዎን በጤና ሥራ ያሳለፉ ሰው ነዎትና አንድ የሚጠቅም ነገር ይንገሩን» ብሎ በጠየቀኝ ጊዜ አንዳንዶቻችሁ ስለ ወባ የምናገር መስሏችሁ ነበር አሉ። አርባ ምንጭ ተቀምጦ ስለ ወባ ያልተነገረው ሰው የት ይገኛል? ከሴቻ እስከ ሲቀላ ሕፃኑ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ የመረጥኩት ማንም የማይናገርለትን ነገር ነው። ይኸውም አጥራችን ላይ፣ ጓሮአችን ውስጥና በረንዳችን ላይ በገዛ እጃችን ተክለን ውኃ እያጠጣን የምናሳድገው መርዝ ነው።

ይህ ነገር ዕድርን ምን አገባው የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ዕድር ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ቀብር ያስፈጽማል፣ ኀዘንተኛ ያጽናናል። ነገር ግን ከቀብሮች ሁሉ የሚከብደው የሕፃን ቀብር መሆኑን እዚህ ያለነው ሁላችን እናውቃለን። በተክል መርዝ ከሚጎዱት ደግሞ ብዙዎቹ ያገኙትን ሁሉ ወደ አፋቸው የሚያስገቡ ሕፃናት ናቸው። በዚያ ላይ ከምነግራችሁ ነገሮች አንደኛው ከራሱ ከዕድሩ ንፍሮ ጋር የተያያዘ ነው። ኋላ እመጣበታለሁ።

አባቶቻችን በጨንቻም ሆነ በቦንኬ፣ በዶርዜም ሆነ በቆላው በሚኖሩበት ጊዜ በአካባቢያቸው የበቀለውን ሁሉ በስሙ ያውቁት ነበር። የቱ ለከብት፣ የቱ ለአጥር፣ የቱ ለመድኃኒት፣ የቱ ደግሞ እንዳይነካ መሆኑን ልጅ ከእናቱ ጋር ጓሮ ሲውል ይማረው ነበር። ከተማ ስንገባ ተክሉ አብሮን መጣ፤ ትምህርቱ ግን እዚያው ቀረ። በላዩም ላይ ከውጭ አገር የመጡ፣ ስማቸውን እንኳ የማናውቃቸው አበቦች ተጨመሩበት።

እስቲ ከምናውቀው እንጀምር። አስተናግርን የማያውቅ አለ? በቆሻሻ መጣያ፣ በአሮጌ በረት፣ በመንገድ ዳር የሚበቅል፣ ቅጠሉ ሲታሽ የሚከረፋ፣ አበባው ነጭ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ መለከት የመሰለ፣ ፍሬው የእንቁላል ቅርጽ ያለው ሆኖ እሾህ የለበሰ ነው። ሲደርቅ ለአራት ይሰነጠቅና ጥቃቅን ጥቁር ዘር ይበትናል። በአንዳንድ ቦታ አጤ ፋሪስ ይሉታል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን አስተናግር የሚለው ስሙ ነው። የሚያናግር፣ የሚያስለፈልፍ ማለት ነው። ስም ያወጡለት ሰዎች በሽታውን ከነምልክቱ ጽፈውልናል ማለት ይቻላል። እሱን የበላ ሰው ይለፈልፋል፣ የሌለ ሰው ያነጋግራል፣ ከአየር ላይ የሌለ ክር ይለቅማል፣ እናቱን አያውቃትም። አፉ ይደርቃል፣ ቆዳው ቀልቶ ይግላል፣ ላብ የለውም፤ የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ብርሃን ይጠላል፣ ልቡ ይጋልባል፣ ሽንት ይከለክለዋል።

አሁን ይህንን ምልክት የያዘ ልጅ አርባ ምንጭ ውስጥ ቢገኝ ሰፈሩ ምን የሚል ይመስላችኋል? ትኩሳት አለው፣ ይቀባዥራል፤ «ወባ ጭንቅላቱ ላይ ወጣ» ይባላል። ወይም «ሰይጣን ለከፈው» ተብሎ ሌላ ቦታ ይወሰዳል። አንድ ጊዜ ስድስት ዓመት የማይሞላው ልጅ በዚህ ሁኔታ ሲመጣ አይቻለሁ። ቤተሰቡ ስለ ወባ እንጂ ስለ ሌላ ነገር አላሰበም። ደሙ ተመርምሮ ወባ ሲታጣ ታላቅ እኅቱ ኪሱን ፈተሸችና እሾሃሙን ፍሬ አወጣች። ልጁ በማግስቱ ተሻለው። ያዳነው እኅቱ ኪሱን መፈተሿ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ሐኪም ምን እንደሚታገል ካላወቀ በከንቱ ይደክማል። ጸሎቱም ጠበሉም አይቅር፤ ሆስፒታሉ ግን ይቅደም።

የዚሁ ተክል ዘመድ የሆነ ሌላ አበባ ደግሞ በደጋው ከተሞች በየግቢው ለጌጥ ይተከላል። ቁመቱ ከሰው በላይ ሆኖ ነጭ ወይም ቢጫ ትልልቅ መለከት የመሰለ አበባ ቁልቁል ያንጠለጥላል። ማታ ማታ ሽታው ደስ ይላል። መርዙ ግን ያው የአስተናግሩ ነው። ልጆች አበባውን ነቅለው እንደ ጡሩምባ ይነፉታል፤ ይህን ያያችሁ እናቶች ቶሎ ተቀበሏቸው።

ወደ ንፍሮው ልመለስ። አስተናግር በስንዴ፣ በማሽላና በሌላም ማሳ ውስጥ ይበቅላል። አጨዳው ላይ ካልተነቀለ ዘሩ ከእህሉ ጋር ተወቅቶ ጆንያ ውስጥ ይገባል። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. በኡጋንዳ፣ ካራሞጃ በሚባለው አገር፣ የዕርዳታ ዱቄት ገንፎ የበሉ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ታመው 5ቱ ሞተዋል። ዱቄቱ ሲመረመር በአስተናግር ውስጥ የሚገኘው ዓይነት መርዝ ተገኘበት። ገንፎው በእሳት የበሰለ ነበር፤ ስለዚህ «እሳት ያየ ነገር አይጎዳም» የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ አይሠራም። እንግዲህ አስቡት፤ እኛ ኀዘን ሲደርስ ስንዴውን በኩንታል ገዝተን፣ በጥድፊያ አጥበን፣ ትልቅ ጎላ ላይ ጥደን ለመቶ ሰው እናቀርባለን። ድሮ እናቶቻችን ሰፌድ ይዘው ተደርድረው ተቀምጠው ሲለቅሙ ያመሹ ነበር። ዛሬ «ቀብሩ ደርሷል» ተብሎ ለቀማው ይዘለላል። የአስተናግር ዘር ጠፍጣፋ፣ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ፣ የኩላሊት ቅርጽ ያለውና ከስንዴ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ ስንዴውን የሚያስቀርና ትንሹን ዘር የሚያሳልፍ ወንፊት ብዙ ሥራ ያቃልላል። የቀረውን ዓይን ይለቅመዋል።

ቀጥሎ ጉሎ ነው። ጉሎ ምን ያደርጋል ትሉኝ ይሆናል፤ ተቆልቶ ተወቅጦ ምጣድ ይታሰስበታል፣ ቆዳ ይለሰልስበታል። ይህ እውነት ነው። በዚህ በእኛም አካባቢ፣ በያኔው ጋሞ ጎፋና በወላይታ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ለነዳጅ ዘይት ይሆናል ተብሎ ገበሬው በማሳው ላይ እንዲዘራው ተደርጎ ነበር። ሥራው ብዙ አልዘለቀም፤ ጉሎው ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በየአጥሩ ሥር አለ።

የጉሎ መርዝ ሪሲን ይባላል። ዘይቱ ውስጥ የለም፤ ዘይቱ ሲወጣ መርዙ ከፋጉሎው ጋር ይቀራል። እሳትም ያበላሸዋል፤ እናቶቻችን በጋለ ምጣድ ላይ ሲያሹት የኖሩት ለዚህ ነው ጉዳት ያላደረሰባቸው። አደጋው ያለው ጥሬው ፍሬ ላይ ነው። ፍሬው ዝንጉርጉርና የሚያብረቀርቅ፣ መዥገር የመሰለ ነው። ልጆች ዶቃ አድርገው ይሰኩታል፣ ያኝኩታልም። ሳይታኘክ የተዋጠ ፍሬ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ እንዳለ ሊወጣ ይችላል፤ የታኘከ ግን ጥቂቱ ሕፃንን ለመግደል ይበቃል። ብልጠቱ ደግሞ ወዲያው አለማሳየቱ ነው። ልጁ ለሰዓታት ደህና ሆኖ ሲጫወት ይቆይና በኋላ ማስመለስ፣ ሆድ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይጀምረዋል። «በልቶ ምንም አልሆነም» ብሎ ማሳደር እዚህ ላይ አይገባም። ይህ መርዝ በዓለም የታወቀው በ1978 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ጆርጂ ማርኮቭ የተባለ ቡልጋርያዊ ደራሲ እግሩ ላይ በተተኮሰች ከአተር በምታንስ እንክብል ውስጥ ገብቶ በገደለው ጊዜ ነው። መሣሪያው በጥላ ውስጥ የተደበቀ ነበር ይባላል። እኛ ጋ ግን ሰላይ አያስፈልግም፤ ማድ ቤት መስኮት ላይ በቆርቆሮ የተቀመጠው የምጣድ ማሰሻ ይበቃል። ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ቅንጭብና ቁልቋል ሲቆረጡ የሚያፈሱት ነጭ ወተት ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ሕመሙ በየሰዓቱ እየባሰ ሄዶ ለጊዜው ዓይን ሊጋርድ ይችላል። ቶሎ የታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ ቸል ያለው ግን ብርሃኑን ሊያጣ ይችላል። ወተቱ የገባበት ሰው ወዲያው በንጹሕ ውኃ ዓይኑን ከፍቶ ቢያንስ ሩብ ሰዓት፣ ቢቻል ሃያ ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ዓይን ሐኪም ይሂድ። በእጅ ማሸት አይገባም። ይህን የምለው የመቃብር ቦታችን አጥር ቅንጭብ ስለሆነና በየዓመቱ የሚከረክሙት ወጣቶቻችን ባዶ እጃቸውን፣ ባዶ ዓይናቸውን፣ ነፋስ ፊት ለፊት ቆመው ስለሚቆርጡ ነው። የተቆረጠውንም ለማገዶ አትውሰዱት፤ ጢሱ ዓይን ያቃጥላል።

የወፍ ቆሎን በአጭሩ ልለፈው። አበባው ያምራል፣ አጥሩም ጠንካራ ነው። ነገር ግን ከብት ቅጠሉን ሲበላ ጉበቱ ይጎዳል፣ ቆዳው ፀሐይ መቋቋም ያቅተዋል። ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬም ለሕፃን አይሆንም።

አሁን ስም ወደሌላቸው እንምጣ። እስካሁን የጠራኋቸው ሁሉ የአማርኛ ስም አላቸው፤ ስም ያለው ነገር ደግሞ ቢያንስ የሚያውቀው ሽማግሌ አይጠፋም። ሳሎን ጥግ በባልዲ የተተከለው፣ ቅጠሉ ሰፊና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነው ተክል ግን ስሙ ማን ነው? «አበባ» ነው የምንለው። ዲፈንባክያ ይባላል። ቅጠሉን የነከሰ ልጅ አፉ ይቃጠላል፣ ምላሱ ያብጣል፣ መናገር ያቅተዋል፤ እብጠቱ ጉሮሮ ድረስ ከወረደ ትንፋሽ ያሰጋል። ፈረንጆቹ «ዲዳ የሚያደርግ አገዳ» የሚል ስም አውጥተውለታል። የእኛው አስተናግር ያስለፈልፋል፣ የእነሱ ደግሞ ያስዘጋል ማለት ነው!

የሚገርመው ይህ ተክል የጎደሬ ዘመድ መሆኑ ነው። ጎደሬን በደንብ ሳይበስል የቀመሰ ሰው አፉን እንደሚበላው የጋሞ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ሁለቱም ውስጥ ያለው ዓይን የማያየው መርፌ የመሰለ ደቃቅ ነገር ነው፤ እሱ ነው ምላስ የሚወጋው። ጎደሬን ስለምናውቀው አብስለን በልተን እንጠግባለን። ዲፈንባክያን ስለማናውቀው ሕፃን ከሚድህበት ወለል ላይ እናስቀምጠዋለን። የደረሰበት ልጅ ቅጠሉ ከአፉ ወጥቶ በቀዝቃዛ ውኃ ይጉመጥመጥ፤ ትንፋሹ ካጠረ ደቂቃ ሳይባክን ወደ ሆስፒታል ነው።

ሌላው ኦሊያንደር ነው። ቅጠሉ ቀጭንና ረጅም፣ አበባው ሮዝ ወይም ነጭ፣ በአጥርና በመንገድ ዳር የሚተከል ነው። ቢጫ አበባ ያለው ቴቬቲያ የሚባል ዘመድም አለው። የሁለቱም መርዝ ልብን ነው የሚመታው፤ የልብ ምት ያዛባል፣ ያዘገያል፣ እስከ ማቆም ያደርሳል። ቅጠሉም፣ ግንዱም፣ ፍሬውም፣ አበባው የተነከረበት ውኃም ሳይቀር መርዝ ነው። ሲደርቅም አይበርድም። ስለዚህ የተከረከመውን ቅርንጫፍ መንገድ ላይ መጣል የሰው ፍየል ወይም የጋሪ ፈረስ መግደል ነው። በእንጨቱ ወጥ ማማሰል፣ ሥጋ ሰክቶ መጥበስም አይገባም። በዚህ እንጨት ሥጋ ጠብሰው አለቁ ስለሚባሉት የናፖሊዮን ወታደሮች የሚወራውን ወሬ ግን ብዙም አላምነውም፤ አገር ሁሉ የራሱን ወታደር እየጨመረ ያወራዋል።

ያለ ስሙ የሚታማም አለ። በገና ሰሞን ጫፉ ቅጠል ደም መስሎ የሚቀላው አበባ ገዳይ ነው እየተባለ ይፈራል። ሆድ ከማስቀየምና ቆዳ ከማሳከክ ያለፈ ነገር እምብዛም አያደርስም። እሱን ነቅሎ ኦሊያንደሩን ያስቀመጠ ሰው አውቃለሁ፤ ዛሬ እዚህ ስለተቀመጠ ስሙን አልጠራም።

ስለ ኒም ሁለት ቃል። ከተማችን በጥላው ታርፋለች፣ ትንኝም ይሸሸዋል። ክፋቱ ቅጠሉን ቀቅሎ ለወባ መጠጣቱና፣ ይልቁንም ከፍሬው የሚወጣውን ዘይት ለሕፃን ማጠጣቱ ነው። በዚህ ዘይት ሕፃናት እንደታመሙና እንደሞቱ የህንድና የማሌዥያ ሐኪሞች መዝግበዋል። ለወባ መድኃኒቱ ጤና ጣቢያ አለ።

የእንጨት ቦዬን፣ ካሳቫን ማለቴ ነው፣ ከመርዛሞች ጋር ስጠራው ቅር የሚለው ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ዝናብ በጠፋ ዓመት ስንቱን ቤት ያወጣ ተክል ነው። ሆኖም ሥሩም ቅጠሉም ሳይናይድ የሚያወጣ ነገር አለበት፤ መራራው ዓይነት ላይ ይበዛል፣ ድርቅ ሲሆን ደግሞ ይጨምራል። ሰው በሚቸኩልበት በችግር ጊዜ ነው እንግዲህ መርዙም የሚበረታው። በ1981 እ.ኤ.አ. በሞዛምቢክ ድርቅ ሆኖ ሰዉ ተክሉን ሳያዘጋጅ ሲበላ ከ1,000 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች፣ እግራቸው ሽባ ሆኖ ቀርቷል። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ በምዕራብ ኡጋንዳ በካሳቫ ዱቄት 98 ሰዎች ታመው 2ቱ ሞተዋል። ስለዚህ ይላጥ፤ ልጣጩ ውስጥ መርዙ ይበዛልና ጥሬውን ለፍየል አትስጡ። ይከተፍ፣ ለቀናት በውኃ ይዘፍዘፍ፣ በፀሐይ ይድረቅ፣ ከዚያ ይፈጭ። ጣፋጩን ቀቅለው የሚበሉም ውኃውን ይድፉት፣ ድስቱንም አይክደኑት፣ መርዙ በእንፋሎት ይወጣልና። የተገዛ ዱቄት የሚያጠራጥራችሁ ከሆነ በውኃ አርጥባችሁ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት፤ ፀሐይ ላይ 2 ሰዓት፣ ጥላ ላይ 5 ሰዓት ሲቆይ የሚበዛው መርዝ ይተናል። ይህ ዘዴ አውስትራልያ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ተጠንቶ ለአፍሪካ መንደሮች የተሰጠ ነው። ከጨንቻ የሚመጣው ድንችም ብርሃን ላይ ተቀምጦ ከወረወዘና ካበቀለ አረንጓዴው በጥልቀት ይቆረጥ፣ መራራው ይጣል፤ መቀቀል አያጠፋውም።

ታዲያ አንድ ሰው መርዛም ተክል ቢበላ ምን እናድርግ? በአፉ ውስጥ የቀረውን አውጡ፣ አፉን አጉመጥምጡት። ጣት ከትታችሁ አታስመልሱት። ወተት፣ ዘይት፣ እንቁላል እያላችሁ አትጋቱት፤ የፈዘዘ ሰው ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል። የበላውን ተክል ቅጠልና ፍሬ፣ ያስመለሰውንም ቢሆን፣ በላስቲክ ይዛችሁ ሂዱ። መቼ እንደበላ ልብ በሉ። እናቶች በልጅ መርዝ መብላት ጎረቤት እንዳይሰማ ሲያፍሩ አያለሁ፤ ለሐኪሙ ግን ሁሉም ይነገረው።

ከመቀመጤ በፊት ለኮሚቴው ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከድስቱና ከጎላው ጋር ሁለት ትልልቅ ወንፊት ለዕድሩ ዕቃ ቤት ይገዛ፤ ሳይነፋና ሳይለቀም ንፍሮ እንዳይጣድም ለሴቶች ንዑስ ኮሚቴ ሥልጣን ይሰጠው። የሚያቻኩል ወንድ ቢኖር እሱ ሰፌድ ይዞ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ ዕድሩ ለቀብር እንጂ ለሕመም ገንዘብ እንደማያወጣ ተጽፏል። ሌሊት ሕፃን መርዝ በልቶ የባጃጅ ወይም የመኪና ገንዘብ ያጣ አባል ወደ ሆስፒታል እንዲደርስ ከመጠባበቂያው ትንሽ ገንዘብ በብድር ቢለቀቅለት ምን ይጎድልብናል? ጸሐፊያችን «ለዕድር ይህ ልማድ አይደለም» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ እኔም ልማዱ ይለወጥ ነው የምለው። ድምፅ ይሰጥበት።

ሦስተኛው የመጪው ቅዳሜ የመቃብር አጥር ክርከማ ነው። የምትመጡ ወጣቶች ረጅም እጅጌ ልብስና መነጽር ይኑራችሁ፤ የፀሐይ መነጽርም ይሁን ግድ የለም። ጓንት እኔ አመጣለሁ። ሁለት ጀሪካን ንጹሕ ውኃ አጠገባችን ይቀመጣል። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ሳይነሣ እንድንጨርስ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ እንገናኝ።